«ሒሳብ ጭንቅላት ይፈልጋል» እና ሌሎች የፈተና ሰሞን እምነቶች

ፈተና ሲቃረብ መካሪ ይበዛል። ታላቅ ወንድም ይመክራል፣ የጓደኛ እኅት ትመክራለች፣ አምና የወደቀውም ሳይቀር ይመክራል። የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ ማስጠናት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ተማሪው በየዓመቱ ይቀየራል፤ ይዞት የሚመጣው እምነት ግን ያው ነው። አንዳንዱን እኔም ተማሪ ሳለሁ አጥብቄ አምኜበት ነበር። ዋጋውንም ከፍያለሁ።

ከትልቁ ልጀምር።

«መልሱን ሳየው ይገባኛል፤ ስለዚህ ችዬዋለሁ»

ይህ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ውሸት አይመስልም። የተሠራ ጥያቄ ከፊት አስቀምጦ መስመር በመስመር መከተል ደስ ይላል። «እሺ፣ ሁለቱንም ወገን በ2 አካፈለ። እሺ፣ ይህንን ወደዚህ አመጣው» እያሉ ራስን መነቅነቅ ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ግን ከባዱን ሥራ የሠራው ሌላ ሰው ነው። ከባዱ ማካፈሉ አይደለም። «እዚህ ጋ ማካፈል እንዳለብኝ በምን አወቅሁ?» የሚለው ነው። የተሠራ መልስ ደግሞ ይህንን አይነግርም፤ የተደረገውን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ደብተሩን ዝጉ። ባዶ ወረቀት አውጡ። ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው ሥሩት። ብዙው ተማሪ ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። ከአሥር ደቂቃ በፊት «ገብቶኛል» ያለው እሱው ነው።

ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይህንን የሚመስል ነገር አሳይተዋል። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ አንዳንዶቹ ደግመው አነበቡት፤ ሌሎቹ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከጭንቅላታቸው አውጥተው የጻፉት በለጡ። ጽሑፉ የሒሳብ አልነበረም። እኔ ግን እያንዳንዱ የፈተና ሰሞን ላይ ይህንኑ አያለሁ፤ ማታ «ተዋጣልኝ» ያለ ልጅ በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ያየዋል።

የተሠራ ጥያቄ ማንበብ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ርዕሱ ገና አዲስ ሲሆን ሁለት ሦስት የተሠሩ ምሳሌዎችን ቀስ ብሎ ማየት በባዶ ሜዳ ከመታገል ይሻላል። ስህተቱ እዚያው መቅረት ነው።

«አንዱን ምዕራፍ ሳልጨርስ ሌላ አልነካም»

ሥርዓት ያለው ይመስላል አይደል? ሰኞ ሎጋሪዝም ብቻ፣ ማክሰኞ ትሪጎኖሜትሪ ብቻ። ሠላሳ የሎጋሪዝም ጥያቄ በተከታታይ ስትሠሩ ከአምስተኛው በኋላ እጃችሁ ብቻውን ይሄዳል። ለምን? የምዕራፉ ርዕስ ዘዴውን አስቀድሞ ነግሯችኋል። ፈተና ላይ ግን ርዕስ የለም።

ሁለት ጥያቄዎች ልስጣችሁ። ከ10 ተማሪዎች ለኮሚቴ 3 ይመረጡ፤ በስንት መንገድ? ከ10 ተማሪዎች ሊቀመንበር፣ ምክትልና ጸሐፊ ይመረጡ፤ በስንት መንገድ? ላይ ላዩን መንትያ ናቸው። የሁለተኛው መልስ 10 × 9 × 8 ማለትም 720 ነው። የመጀመሪያው ግን ያንን ለ6 አካፍሎ 120 ይሆናል፤ ኮሚቴ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደተጠራ ለውጥ የለውምና ሦስቱ ሰዎች የሚደረደሩባቸው 6 መንገዶች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሁለቱን ለየብቻ በተለያየ ቀን የሠራ ልጅ ማባዛቱንም ማካፈሉንም ያውቃል። መለየቱን ግን አልተለማመደም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳግ ሮረር እና ባልደረቦቹ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት በ54 የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ክፍሎች ላይ የተካሄደ ነው። ገሚሱ የተደበላለቀ የቤት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ገሚሱ በርዕስ የተከፋፈለ። ከአንድ ወር በኋላ ሳይነገራቸው ተፈተኑ። ደበላልቀው የሠሩት በአማካይ 61 በመቶ፣ በርዕስ የሠሩት 38 በመቶ አመጡ። ልጆቹ ከእኛ ፈተና ተማሪዎች በዕድሜ ያንሳሉ፤ ልዩነቱ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ስትደበላልቁ ያማል። ቀርፋፋ የሆናችሁ ይመስላችኋል፣ ስህተት ይበዛል። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ጋ ነው።

«ፎርሙላውን ከሸመደድኩ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው»

የሰሞኑ ፋሽን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ «መሸምደድ አያስፈልግም፣ መረዳት ብቻ!» ሁለቱንም አልቀበልም። የኳድራቲክ ፎርሙላን በየጥያቄው ከዜሮ እያወጣ የሚሠራ ሰው ሰዓቱ ያልቅበታል። አንዳንዱ ነገር በቃል መያዝ አለበት፤ አበቃ።

ግን ፎርሙላ ብቻውን አይመጣም፤ የሚሠራበት ሁኔታ አብሮት አለ። ማለቂያ የሌለው የጂኦሜትሪክ ተከታታይ ድምርን ውሰዱ። የመጀመሪያውን ቁጥር ከ1 ላይ የጋራ ብዜቱን (ቀጣዩን ቁጥር ለማግኘት በየጊዜው የምናባዛበትን ቁጥር) ቀንሰን ለምናገኘው ማካፈል ነው። እስኪ በ1 + 2 + 4 + 8 እያለ በሚቀጥለው ላይ ሞክሩት። የጋራ ብዜቱ 2 ነው፤ 1 ለ(1 − 2) ሲካፈል −1። ፖዘቲቭ ቁጥሮችን ብቻ ደምረን ኔጌቲቭ አገኘን! ፎርሙላው የሚሠራው የጋራ ብዜቱ በ−1 እና በ1 መካከል ሲሆን ብቻ ነው። ፎርሙላ ስትጽፉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከጎኑ ጻፉ። ፈታኞች በጣም ይወዷታል።

«ሒሳብ ጭንቅላት ይፈልጋል፤ ፈጣን ካልሆንክ ተወው»

የሒሳብ ሊቋ ማሪያም ሚርዛካኒ በ2014 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ከታላላቆቹ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን ፊልድስ ሜዳልያን በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ራሷን ቀርፋፋ አሳቢ ብላ ትገልጽ ነበር። በልጅነቷም አንድ ዓመት ሒሳብ ላይ ደከም ብላ፣ መምህሯ ጎበዝ ናት ብላ ስላላሰበች፣ ፍላጎቷ ጠፍቶ ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. ያንኑ ሜዳልያ ያገኘው ሎራን ሽዋርዝም ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ይልቅ ዘገምተኛ እንደነበረ፣ በዚህም ራሱን እንደ ደደብ ይቆጥር እንደነበር ተናግሯል።

እርግጥ ፈተና ሰዓት አለው፤ እሱን አልክድም። ግን ፈተና ላይ የምናየው ፍጥነት አብዛኛው የተደጋገመ ልምምድ ነው። በክፍልፋይና በምልክት መቀያየር ላይ የማይደናቀፍ ልጅ ፈጣን ይመስላል። የሚያስበው ፈጥኖ ሳይሆን፣ በትንሹ ነገር ላይ ስለማያስብ ነው።

«የመጀመሪያ መልስህን አትቀይር»

ይህንን መምህራንም ይሉታል። በ2005 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጀስቲን ክሩገር እና ባልደረቦቹ ከ1,500 በላይ የሚሆኑ ተማሪዎች የተፈተኑበትን ወረቀት አይተው የተሰረዙትን መልሶች ቆጠሩ። ከለውጦቹ 51 በመቶው ከስህተት ወደ ትክክል የሄደ ነው። ከትክክል ወደ ስህተት የሄደው 25 በመቶ ብቻ። ታዲያ ምክሩ ለምን ይኖራል? ትክክሉን ሰርዞ የሳተ ሰው ቁጭቱን አይረሳም። ቀይሮ ያገኘው ግን ትዝም አይለው።

ምክንያት ካገኛችሁ ቀይሩ። ላብ ስላጠመቃችሁ ብቻ ከሆነ ተዉት።

«ምርጫ ጥያቄ ነው፤ መልሴ ምርጫው ውስጥ ካለ ትክክል ነው»

የተሳሳቱት ምርጫዎች ዝም ብለው የተጻፉ አይደሉም። ተማሪ የሚሳሳተውን ስህተት ተከትለው ነው የሚዘጋጁት። የ9 + 16 ስኩዌር ሩት 5 ነው፤ 7ም ምርጫው ውስጥ ይኖራል፤ 3 እና 4ን ለየብቻ አውጥቶ ለሚደምረው። ሀ² = 3ሀ ሲሆን «ሀ ስንት ነው?» ቢባል፣ ሁለቱንም ወገን በሀ አካፍሎ 3 ብቻ የሚል ብዙ ነው። ዜሮ የት ሄደ? በሀ ስናካፍል ሀ ዜሮ አይደለም ብለን ወሰንን፤ ማንም ሳይፈቅድልን።

እግረ መንገዴን ስለ ግምት። የስህተት ቅጣት ከሌለ ባዶ መተው ነጥብ መጣል ነው። ቅጣት ካለ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ ራሱ የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ ነው። አምስት ምርጫ ያለውና በአንድ ስህተት ሩብ ነጥብ የሚቀንስ ፈተና ይሁን። 20 ጥያቄ በጭፍን ብትገምቱ በአማካይ 4 ታገኛላችሁ፣ በ16ቱ ስህተት 4 ይቀነሳል። ውጤት ዜሮ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ የተሳሳተ ምርጫ ካወጣችሁ ግን 5 ታገኛላችሁ፣ 3.75 ይቀነሳል። ትንሽ ናት፤ ግን ወደ እናንተ ያደላች ናት።

«እርምጃውን መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው»

በጽሑፍ የሚሠራ ፈተና ከሆነ ብዙ ጊዜ ለአካሄዱም ማርክ ይሰጣል። የመጨረሻዋን ድምር ብትስቱ እንኳ ባዶ እጃችሁን አትወጡም። ምርጫ ከሆነ ደግሞ መጻፉ ለራሳችሁ ነው፤ ያልተጻፈ ስህተት አይታረምም።

«ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ለመጨረሻው ሳምንት ይቆዩ»

አይቆዩ። ግማሹን ከወዲሁ ሥሩ፤ ድክመታችሁ የት እንደሆነ ይነግሯችኋል። ሁለት ሦስቱን ብቻ ሰዓት ይዞ ለመፈተን አስቀምጡ። የሳታችሁትን ደግሞ ለብቻው ደብተር ላይ ጻፉ፤ መልሱን ሳይሆን ለምን እንደሳታችሁ። «አላነበብኩትም»፣ «ምልክት ጣልኩ»፣ «በምን እንደምጀምር አላወቅሁም»። ሦስቱ በሽታዎች መድኃኒታቸው ይለያያል። በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ መልሳችሁ ሥሩት። እኔ ካየሁት፣ ይህንን ደብተር የሚይዝ ተማሪ ከአሥር አንድ አይሞላም።

«ካልኩሌተር አይሳሳትም»

እውነት ነው፤ የሚሳሳተው የያዘው ሰው ነው። አንድ ፈተና ላይ የእኔው ካልኩሌተር የ30 ዲግሪን ሳይን 0.5 በማለት ፈንታ −0.988 አለኝ። ራዲያን በተባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ነበር፤ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ሁለት ጥያቄ ከሠራሁ በኋላ ነው የነቃሁት። ቁጥር ከማመናችሁ በፊት የምታውቁትን አንድ ነገር ጠይቁት።

«የመጨረሻዋ ሌሊት ወሳኝ ናት»

ወሳኝ ናት፤ ለእንቅልፍ። እስከ ንጋት ተቀምጦ የተሸመደደ ነገር የደከመ ጭንቅላት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሒሳብ ደግሞ የደከመ ሰው ምልክት የሚጥልበት ትምህርት ነው። ያንን ሌሊት አዲስ ርዕስ አትክፈቱ። የስህተት ደብተራችሁን አንዴ አገላብጡ፣ ካልኩሌተሩ ዲግሪ ይሁን ራዲያን እዩ፣ ተኙ።