«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፦ ትርጉሙ፣ ምንጩና የሰማዩ ፈር

አባባሉ አጭር ነው፤ ውስጡ ግን ሙግት አለ። የሰማይን አለመታረስ የሚክድ ስለሌለ፣ የንጉሥ አለመከሰስም እንዲሁ የማይካድ ሆኖ ይቀርባል። «ታረስ» እና «ከሰስ» ቤት ሲመቱ አድማጭ ማስረጃ ሳይጠይቅ ይቀበላል። የሚነገረው በደል ደርሶበት «ባለሥልጣኑን እከሳለሁ» ለሚል ሰው ነው፦ ተው፣ አትችለውም። መጨረሻ ላይ «ም» ስለሌለች፣ «አይታረስም» ብሎ አለመቻልን ያነበበም፣ «አይታረስ» ብሎ ክልከላን ያነበበም አልተሳሳተም። ክፋቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ክልከላውን የተፈጥሮ ሕግ አስመስሎ ያሳልፈዋል።

የበቀለው በማረሻና በዙፋን መካከል ነው። መሬት በቀላድ፣ ማለትም በመለኪያ ገመድ፣ እየተለካ፣ በንጉሥ ፈቃድ ይሰጥና ይነጠቅ በነበረበት ዘመን የገበሬው ትልቁ ክርክር የመሬት ነበር፤ የመጨረሻው ዳኛም ንጉሡ ራሱ። ዳኛውን ለማን ይከሱታል? የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውን የማይደፈር አድርጎ ይህንኑ በሕግ አጸናው።

ሰማዩ ግን ፈር ከወጣለት ቆይቷል። የሥነ ፈለክ ሰዎች የምድርን ወገብ ወደ ላይ ዘርግተው የሰማይ ወገብ አደረጉት፤ ከእርሱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እስከ 90 ዲግሪ ይለካሉ። ዙሪያውን ደግሞ ለ24 ሰዓት ይከፍሉታል፤ አንዱ ሰዓት 15 ዲግሪ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ፀሐይ በመጋቢት ወገቡን ወደ ሰሜን ከምታቋርጥበት ነጥብ ነው። የፀሐይ የዓመት ጎዳናም ከወገቡ 23.4 ዲግሪ ያህል ያጋደለ ሌላ ክብ ነው። እንግዲህ በሁለት ቁጥር ብቻ እያንዳንዱ ኮከብ እንደ ማሳ ድንበሩ ይታወቃል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለምትገኝ፣ የሰማይ ወገብ ከአናታችን በዚያው ልክ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ያልፋል። ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። በጥር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ላይ ቀና ያለ ሰው ኦሪዮን በተባለው የኮከቦች ስብስብ መቀነት ላይ የተደረደሩትን ሦስት ኮከቦች ያያል፤ የሰማይ ወገብ የሚያልፈው እነርሱን ታክኮ ነው። የሰሜን ኮከብ ደግሞ ከአድማስ አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይቆማል።

እንዲህ ያለ ልኬት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች እንደምትወጣ፣ በምዕራብ በስድስት እንደምትገባ ወር በወር ይቆጥራል። ሊቃውንቱ ይህን እየገለበጡ ያቆዩት ሕዝቡ «ሰማይ አይታረስ» በሚልበት አገር መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የንጉሡ ግማሽ ሌላ ታሪክ አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ፤ በዓመቱ በእስር ላይ ሳሉ አረፉ። ፍርድ ቤት ቀርበው ግን አልተከሰሱም።