ማኑዋሉ ኮዱን ሲያርም፦ የዩኒክስ ልምድ

ፕሮግራመሩ ኮዱን ይጽፋል፤ ቴክኒካል ጸሐፊው ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ መጥቶ መመሪያ ያዘጋጃል። ብዙ ሰው የሁለቱን ሙያ ግንኙነት እንዲህ ነው የሚያስበው። ዩኒክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን በሚያስተዳድረው መሠረታዊ ፕሮግራም) ግን ነገሩ ሌላ ነበር።

ዩኒክስ የተጀመረው በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም ውስጥ ነው። ፈጣሪዎቹ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የተሻለ ኮምፒውተር ፈልገው ነበር። አለቆቻቸው ግን ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ምርምር ብር ማውጣት አልፈለጉም። ስለዚህ ቡድኑ ሰነድ ማዘጋጃ ሲስተም እንሥራ ብሎ ጠየቀ። በዚህ ሰበብ ፒዲፒ-11 የተባለ ኮምፒውተር ተገዛ፤ የድርጅቱ የፓተንት ክፍል ታይፒስቶችም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል ሆኑ። ዩኒክስ እንጀራውን መብላት የጀመረው በጽሑፍ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ማኑዋል ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ወጣ። የጻፉትም ራሳቸው ቶምፕሰንና ሪቺ ናቸው። 7 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ አጭር ገጽ አለው፤ ስሙ፣ አጻጻፉ፣ የሚሠራው ሥራ፣ የባለቤቱም ስም ሳይቀር ይሰፍርበታል። እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ «ባግስ» (ስህተቶች) የሚለው ንዑስ ርዕስ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ጉድለቱን እዚያው በግልጽ ይናገራል። ለአንባቢ ከዚህ የበለጠ አክብሮት የለም።

የቡድኑ ኃላፊ ዳግ ማኪልሮይ በኋላ እንደተናገረው፣ አዲስ እትም በደረሰ ቁጥር ግርግር ይነሳ ነበር። አስቀያሚውን ነገር በጽሑፍ ሲያዩት «ይሄማ አይታተምም» ይላሉ። ከዚያ ለማስረዳት እንዲቀል ፕሮግራሙን ራሱን ይቀይሩታል። ለማስረዳት ሦስት አንቀጽ የሚፈጅ አማራጭ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጸሐፊው ሳይሆን የንድፉ ነው።

ዛሬ ብዙ ቡድኖች ሰነዱን ከኮዱ ጋር በአንድ የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚከታተል መሣሪያ) ማከማቻ ያስቀምጣሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ማርክዳውን በተባለ ቀላል የጽሑፍ አቀራረጽ ስልት ይጽፉታል፤ እንደ ኮድም ይገመግሙታል። እንደ ጃቫዶክ ያሉ መሣሪያዎች ደግሞ ከኮዱ ውስጥ ያሉ ማብራሪያዎችን ሰብስበው ገጽ ያወጣሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ማንም ያልጻፈውን ከየት ያመጣሉ? ይህ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ለምን ተሠራ? መቼ ነው የማይጠቅመው? ይህንን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ጎበዝ ቴክኒካል ጸሐፊ መመሪያውን ምንም ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ ይሞክረዋል። መሐንዲሱ ለምዶት የዘለለው እርምጃ የሚገኘው ያኔ ነው። ለዚህም ነው ጸሐፊው ንድፉ ገና ሲወጠን ስብሰባው ላይ መቀመጥ ያለበት።