በወሎ ደኖች ጸጥ ያለ የማደሪያ ቦታ መፈለግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በበጋው ወራት፣ በተለይም በበዓል ሰሞን፣ የጎፍ በሚባለው ደን ወይም በሐይቅ ዳርቻ ድንኳን ተክሎ ለማደር የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመለሰው «ቦታው ሁሉ ሰው ነው» እያለ ነው። በእኔ እይታ ግን ጸጥታውን የሚያሳጣን ከሰው ብዛት ይልቅ ቦታ ስንመርጥ የምንይዘው የተሳሳተ ግምት ነው።

«ወደ ጫካው ጠልቆ የገባ ጸጥታ ያገኛል።»
ርቀት ብቻውን ጸጥታ አያመጣም። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና በኮምቦልቻ፣ በደሴና በሐይቅ ከተሞች በኩል ስለሚያልፍ፣ ከመንገዱ ትይዩ በሆነ ተዳፋት ላይ ያደረ ሰው ርቆም ቢሆን የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማዋል፤ ሌሊት መሬቱ ቀዝቅዞ ከላይ ሞቅ ያለ አየር ሲቀር ድምፅ ከቀኑ ይበልጥ ርቆ ይሰማልና። ከሸንተረር ጀርባ ያለ ቦታ ግን ለመንገዱ ቢቀርብም ጸጥ ይላል።

«ውኃ አጠገብ ማደር ይሻላል።»
ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል፤ ምንጭ የአካባቢው ሰውና ከብት ሁሉ መገናኛ ነውና። አንድ ጊዜ ከምንጭ አጠገብ አድሬ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ የጀሪካን ኳኳታ ቀሰቀሰኝ። ብቅ ስል አንዲት ልጅ የተሞላ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ፣ መንገዷ ላይ የወጠርኩትን የድንኳን ገመድ በጥንቃቄ ስትሻገር አየኋት። ከዚያ ወዲህ ውኃዬን በቀን ቀድቼ፣ ከምንጩም ወደ ምንጩ ከሚወስደው የእግር መንገድም ቢያንስ 200 እርምጃ እርቃለሁ።

«በበጋ ዝናብ ስለሌለ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ምቹ መኝታ ነው።»
የወሎ ደጋ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የበልግ ዝናብ ያገኛል። ደጋ ላይ የጣለ ዝናብ፣ ጠብታ ያልወረደበትን የቆላ አሸዋ በደራሽ ጎርፍ ሊጠርገው ይችላል።

«ሸለቆው ከነፋስ ስለሚከልል ይሞቃል።»
ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ቁልቁል ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ስለሚተኛ፣ ከተዳፋቱ ወገብ ላይ ማደር ይሻላል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን የትም ቢታደር ለውርጭ መዘጋጀት ግድ ነው።

«ጫካ ባለቤት ስለሌለው ፈቃድ አያስፈልግም።»
ባዶ የሚመስለው መስክ የአንድ መንደር የግጦሽ ወይም የሣር ማጨጃ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ የቤተ ክርስቲያን ደን ደግሞ የተከበረ ነው። እንደ ቦረና ሳይንት ባለ ብሔራዊ ፓርክ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከጽሕፈት ቤቱ ሲሆን፣ በመንደር መሬት ላይ ግን ከመንደሩ ሽማግሌዎች ነው። «አባባ፣ ለአንድ ሌሊት የት ብናርፍ ይሻላል?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ጅብ የሚመላለስበትን መንገድ፣ ንብ የተሰቀለበትን ዛፍና በማለዳ ከብት የማያልፍበትን ጥግ ተነግሮት ይሄዳል።