ጋኔን የሚያፈቅርባቸው ልብ ወለዶች

ከሰው ወገን ያልሆነ ፍጡር ከሰው ጋር የሚዋደድባቸው የፍቅር ልብ ወለዶች በእንግሊዝኛው የመጻሕፍት ገበያ ሰፊ ቦታ ይዘዋል። ደም መጣጭ ቫምፓየር አለ፣ ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰው አለ፣ መልአክም አለ። ከሁሉም ደፋሩ ግን አፍቃሪው ጋኔን የሆነበት ዘርፍ ነው። ጸሐፊዎቹም አንባቢዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

ሐሳቡ በጣም የቆየ ነው። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የደረሰን መጽሐፈ ሄኖክ፣ 200 መላእክት የሰውን ሴቶች ልጆች ተመኝተው፣ ተማምለው በአርሞን ተራራ ላይ መውረዳቸውን ይተርካል። በመጽሐፈ ጦቢት ደግሞ ጋኔን ሣራ የተባለችን ሴት ሰባት ባሎች አንድ በአንድ ይገድላል። ስምንተኛ ሆኖ የሚመጣው ጦብያ፣ ጋኔኑ ስለሚወዳት ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ይፈራል። ትዳር አልሳካላት ስላላት ሴት «ዓይነ ጥላ አለባት» ሲባል ያደገ ሰው ይህ ታሪክ አይገርመውም።

የሩሲያው ገጣሚ ሌርሞንቶቭ እ.ኤ.አ. ከ1829 ጀምሮ ለዓመታት ሲጽፍና ሲያርም በቆየው ረጅም ግጥሙ ነገሩን ወደ ፍቅር አቀረበው። ከሰማይ የተጣለው ጋኔን የጆርጂያዋን ልዕልት ታማራን ይወዳል። ብቸኝነቱን ይነግራታል፣ ክፋትን እንደሚተውም ይምልላታል። ልቧ ይራራለታል። ሲስማት ግን ትሞታለች። ነፍሷን መልአክ ይወስዳታል፣ ጋኔኑም ብቻውን ይቀራል።

የዛሬዎቹ ልብ ወለዶች የለወጡት ይህንን ፍጻሜ ነው። በፍቅር ልብ ወለድ ሕግ ተዋዳጆቹ መጨረሻ ላይ አብረው መሆን አለባቸው፤ አንባቢዋም ይህን አውቃ ነው የምትገባው። ስለዚህ ያለ ስጋት ትፈራለች። ጋኔኑ የቱንም ያህል ቢያስፈራ ሴቲቱ እንደማትሞት ታውቃለች። ለእኔ የዘርፉ ዋና ማባበያ ይኸው ነው፤ ድሮ ሴቲቱን ይገድል የነበረው ታሪክ አሁን በሕይወት ያኖራታል።

ሌላም ነገር አለ። ጋኔኑ ጨዋ መስሎ አይቀርብም። ጨዋ መስሎ ቀርቦ በኋላ የተለወጠ ወንድ ያጋጠማት አንባቢ ይህን ልዩነት ቶሎ ትይዘዋለች። ክፋቱ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ቀስ በቀስ የሚገለጠው ርኅራኄው ነው። ከዚያ ላይ ጋኔን በቃሉ የሚታሰር ፍጡር ተደርጎ ይሳላል። ስሙን ያወቀ ያዘዋል፣ የተዋዋለውን ማፍረስ አይችልም። በሰው ዘንድ ቃል በቀላሉ በሚታጠፍበት ዘመን ይህ ትልቅ ምኞት ነው።

ዘመናዊው የሌላ ዓለም ፍጡራን ፍቅር እንደ ክሪስቲን ፊሃን ባሉ ደራሲዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደራ፣ ቀዳሚው ደም መጣጩ ነበር። አጋንንቱ በኋላ የራሳቸውን ዓለም አገኙ። የላሪሳ አዮን ተከታታይ መጻሕፍት የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ አጋንንት በሚታከሙበት ሆስፒታል የሚሠራ ጋኔን ሐኪም ነበር። ቆስላ የምትገባለት ሴት ደግሞ አጋንንትን በማደን የምትኖር ናት። አዳኟን ማከም ግድ ይሆንበታል፣ እሷም ጠላቷን ማመን ግድ ይሆንባታል። መጽሐፉን የሚያስኬደው ይህ መፋጠጥ ነው።

በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ይህን ዘርፍ በጥርጣሬ ቢያይ አይደንቅም። ጋኔን ለብዙዎቻችን በጸበልና በጸሎት የሚባረር እውነተኛ ጠላት ነው፤ የእምነት ጉዳይ ነውና ሊከበር ይገባል።

ከአንባቢዎቹ መካከል የሚነሣው ቅሬታ ግን ሌላ ነው። በአንዳንድ መጻሕፍት ውሉ የሴቲቱን ፈቃድ ይተካል፤ ስለተዋዋለች ብቻ እምቢ ማለት አትችልም። ቅሬታው ትክክል ነው፣ ማስገደድን ፍቅር ብሎ መሸጥ አንባቢን ይጎዳል። ጎበዞቹ ደራሲዎች ውሉን ራሷ ሴቲቱ እንድትጽፈው ያደርጋሉ። ጋኔኑም እያንዳንዱን መስመር አንብቦ ይፈርማል።