ለአራስ ልጅ የሚሰጠው የቫይታሚን ኬ መርፌ ክትባት ነው?

አራስ እናቶች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ላስረዳ። ክትባት አይደለም። ክትባት ሰውነት በሽታን ለይቶ እንዲከላከል ያዘጋጃል፤ ይኼኛው ግን ለልጁ የጎደለውን ቫይታሚን ራሱን ነው የሚሰጠው።

ሽንኩርት ስንከትፍ ጣታችን ቢቆረጥ፣ ትንሽ ደምቶ ያቆማል። ጉበታችን በቫይታሚን ኬ እየታገዘ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ስለሚሠራ ነው። ሕፃን ሲወለድ ግን ያለው ቫይታሚን ኬ በጣም ጥቂት ነው፤ በእንግዴ ልጅ በኩል ብዙም አያልፍለትም፣ በጡት ወተት ውስጥ ያለውም አነስተኛ ነው። «ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፤ እሱን በደንብ ብበላስ?» ላላችሁኝ፦ ጎመኑ ለእናንተ ጥሩ ነው፣ ለልጁ ግን አይበቃውም። በዚህ ሰበብ ጡት ማጥባት እንዳታቆሙ፣ አደራ!

እኔን የሚያስፈራኝ ዘግይቶ የሚመጣው መድማት ነው። ደህና ሲጠባና ሲተኛ የነበረ ልጅ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ድንገት አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ከዚያ በፊት ከእትብቱ ወይም ከአፍንጫው ጠብ የሚል ደም፣ ሳይመታ የበለዘ ቆዳ ሊታይ ይችላል። ይህን ካያችሁ ነገ ሳትሉ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

እስካሁን ያልኩት የታወቀ ነው። የሚለያየው አሰጣጡ ነው። በአብዛኛው 1 ሚሊግራም ጭኑ ላይ ይወጋል፤ ያለጊዜው ለተወለደ ትንሽ ሕፃን መጠኑ ይቀነሳል። ስዊዘርላንድ ደግሞ በአፍ ጠብታ ነው የምትሰጠው፣ በተለያየ ቀን ደጋግማ።

ቤቷ የወለደች ካለች ልጇ መርፌውን ሳያገኝ ቀርቶ ይሆናልና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወስዳ ትጠይቅ።