የኢትዮጵያ የሕዝብ ዕድገት፣ የቤተሰብ ዕቅድና የመሬት ጥበት

የኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት 1.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት መሠረት በዚህ መሬት ላይ በ1942 ዓ.ም. ወደ 18 ሚሊዮን ሕዝብ ይኖር የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ቁጥሩ ከ130 ሚሊዮን አልፏል።

ከ1976 ዓ.ም. በፊት የነበረው አኃዝ ከናሙና ጥናትና ከግምት የተገኘ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ ኤርትራን ጨምሮ 42.6 ሚሊዮን ሕዝብ መዝግቧል፤ በጊዜው በነበረው ጦርነት ምክንያት ቆጣሪዎች ያልደረሱባቸው አካባቢዎች ግን በግምት ተሞልተዋል። የ1987ቱ ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን፣ የ1999ኙ ደግሞ 73.9 ሚሊዮን አሳይቷል። በሦስተኛው ቆጠራ የአማራ ክልል ቁጥር ከተጠበቀው በሁለት ሚሊዮን ገደማ ማነሱ በተወካዮች ምክር ቤት ጭምር ያከራከረ ሲሆን፣ ልዩነቱ የመጣው ከውልደት መቀነስ ነው ወይስ ከቆጠራ ጉድለት የሚለው ነጥብ እስካሁን መቋጫ አላገኘም። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል።

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸውን ልጆች አማካይ ቁጥር በ2007 ዓ.ም. ከ7.7 ወደ 4፣ የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚዎችን ደግሞ ከመቶ 4 ወደ 44 ለማድረስ አለመ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ቢቆይም፣ አገልግሎቱ በአመዛኙ ከከተማ አልወጣም ነበር።

ገጠሩን የለወጠው በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት፣ ቁጥራቸው በኋላ ከ30,000 ያለፈው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተባሉ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ተመልሰው የሚሠሩት በሚያውቋቸው ጎረቤቶቻቸው መካከል ነው። በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ የየቤቱ የቤተሰብ ማህደር ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ሠራተኛዋም ማን እንደወለደች፣ የማን የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ቀን እንደደረሰ ከዚያ አይታ በእግሯ ትወጣለች። መርፌው ተወዳጅ የሆነው ቤት ውስጥ የሚደበቅ ክኒን ስለሌለውና ባሏ የማይስማማላት ሴት ጤና ኬላ ደርሳ መመለስ ስለምትችል ጭምር ነው። በኋላም የክብሪት እንጨት የምታህለውን፣ ለሦስት ዓመት የምታገለግለውን የእርግዝና መከላከያ እነርሱው ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር መቅበር ጀመሩ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» በሚባልበት ደጃፍ ቆመው፣ ተቆጥተው ሳይሆን ደጋግመው በመመላለስ ያስገኙት ለውጥ በሚገባው ልክ አልተነገረላቸውም።

ባለትዳር ሴቶች መካከል ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 6 ገደማ ነበሩ፤ በ1997 ዓ.ም. 14፣ በ2003 ዓ.ም. 27፣ በ2008 ዓ.ም. 35 ደርሰዋል። በ2008 ዓ.ም. አማካዩ የልጆች ቁጥር 4.6 ሲሆን፣ ፖሊሲው ካለመው ቢዘገይም በአንድ ትውልድ ዕድሜ የተገኘ ታላቅ ውጤት ነው። አዲስ አበባ 1.8፣ ሶማሌ ክልል ግን 7.2 መሆናቸው አንድ አማካይ ለሁሉም እንደማይበቃ ያሳያል። የሚወልዱ ሴቶች ቁጥር ራሱ ስለሚጨምር፣ በየቤቱ ልጅ ቢያንስም የአገሩ ሕዝብ ማደጉን ይቀጥላል።

መሬቱ ግን ያው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ የይዞታ ጣሪያ ያደረገው 10 ሄክታር ነበር፤ ዛሬ በደጋው የአብዛኛው ገበሬ ማሳ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል ገመድ ተጥሎ መሬት እንደገና ተከፋፍሏል፤ ያኔ ያልደረሱ ልጆች ዛሬ የራሳቸው ቤተሰብ አላቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ስለሚከለክል፣ የይዞታ ደብተሩ በወላጆች ስም ሆኖ ወንድማማቾች ያችኑ ማሳ በድንበር ድንጋይ ይካፈላሉ፤ ድርሻ ያላገኘው የእኩል ያርሳል፣ ወይም ወደ ከተማ ይሄዳል። ማሳው ሲጠብ ማሳረፍ ይቀራል፤ የግጦሹ ቦታና ቁልቁለቱም ይታረሳል፤ ኩበቱም ማሳ መመለሱ ቀርቶ ማገዶ ይሆናል።