ፊሊፒኖዎች በኪሳቸው ይዘውት የሚዞሩት ተፈጥሮ

ፊሊፒንስን በአጭሩ ማወቅ የፈለገ ሰው የገንዘብ ኖቶቿን ገልብጦ ይይ። ማዕከላዊ ባንኩ በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ባወጣቸው የፔሶ ኖቶች ፊት ላይ መሪዎችና ጀግኖች አሉ፤ ጀርባው ግን ለተፈጥሮ ተለቋል። 20ው ላይ የባናዌ የሩዝ እርከን፣ 50ው ላይ የታአል ሐይቅ፣ 100ው ላይ የማዮን ተራራ፣ 200ው ላይ የቸኮሌት ኮረብታዎች፣ 500ው ላይ ከመሬት በታች የሚፈስ ወንዝ፣ 1,000ው ላይ ደግሞ ቱባታሃ የሚባለው የባሕር ውስጥ ኮራል። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ሀገሩን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው ማለት ይቻላል።

የደሴቶቹ ቁጥር ራሱ የኩራት ጉዳይ ነው። ለረጅም ዓመታት 7,107 ይባል ነበር፤ በ2016 የካርታ መሥሪያ ቤቱ በተሻለ መሣሪያ ቆጥሮ 7,641 ናቸው አለ። በ1994 ማኒላ ላይ በተካሄደው የሚስ ዩኒቨርስ ውድድር አስተናጋጇን ሀገር የወከለችው ሻርሊን ጎንዛሌስ «ስንት ደሴት አላችሁ?» ተብላ ስትጠየቅ «ባሕሩ ሲሞላ ነው ሲጎድል?» ብላ መለሰች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቀልዱ ዛሬም ይነገራል።

ይህ ፍቅር አደባባይ የወጣበትን ቀን መምረጥ ካለብኝ 2011ን እመርጣለሁ። አንድ የስዊዘርላንድ ድርጅት «ሰባቱ አዳዲስ የተፈጥሮ ድንቆች» የሚል የዓለም ምርጫ አዘጋጅቶ ነበር፤ ድምፅ የሚሰጠው በኢንተርኔትና በስልክ ነው፤ በስልክ ለሚልክ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚል ገደብ አልነበረም። ፊሊፒኖዎች በወቅቱ በጽሑፍ መልዕክት ብዛት በዓለም የታወቁ ነበሩ፤ ፕሬዚዳንቱ ቤኒኞ አኪኖ ሳልሳዊ ራሳቸው ሕዝቡ እንዲመርጥ ቀሰቀሱ። የፖርቶ ፕሪንሴሳ የመሬት ውስጥ ወንዝም ከአማዞንና ከኢጉዋሱ ፏፏቴ ጋር ተሰልፎ ከሰባቱ ውስጥ ገባ። ወንዙ ፓላዋን ደሴት ላይ ነው፤ 8.2 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ውስጥ ይሄድና በቀጥታ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ዋሻው ውስጥ ድረስ ይሰማል። ቱሪስቶች በትንሽ ጀልባ ሲገቡ የሌሊት ወፎቹ ከላይ ተንጠልጥለው ይጠብቋቸዋል፤ አስጎብኚዎቹም ቀና ስትሉ አፋችሁን ዝጉ እያሉ ይቀልዳሉ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ዩኔስኮ ወንዙ ያለበትን ፓርክ ያለ ምንም ምርጫ ዘመቻ በ1999 መዝግቦት ነበር። የሚወራው ግን ስለ 2011 ነው። ራስህ ድምፅ የሰጠህበት ነገር ይበልጥ የራስህ ይመስልሃል መሰል።

ማዮን ደግሞ ሌላ ዓይነት ፍቅር ነው። እሳተ ገሞራ ነው፤ ቁመቱ 2,460 ሜትር ገደማ ነው፤ ቅርጹ በማስመሪያ የተሠራ ይመስላል። በአካባቢው ቢኮል ቋንቋ «ማጋዮን» ማለት ቆንጆ ማለት ነው፤ በአፈ ታሪኩ ተራራው ዳራጋንግ ማጋዮን የምትባል የቆንጆ ልጅ መቃብር ነው፤ ጫፉን የሚሸፍነው ደመና ደግሞ የሚወዳት ሰው ነው ይባላል። ቆንጆዋ ግን ትገድላለች። በ1814 ስትፈነዳ 1,200 ያህል ሰው ሞቷል፤ ከካግሳዋ ቤተ ክርስቲያን የተረፈው የደወል ማማው ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ማማ ሥር ቆሞ፣ ገዳይዋን ከጀርባ አድርጎ ነው።

የሩዝ እርከኖቹ ነገር ትንሽ ይቆጠቁጣል። የሰው እጅ ሥራ ናቸው፤ የኢፉጋዎ ሕዝብ ተራራውን በድንጋይና በጭቃ ደርድሮ የሠራቸው። ፊሊፒኖዎች ግን ከተፈጥሮ ድንቆቻቸው ጋር ይቆጥሯቸዋል፣ «ስምንተኛው የዓለም ድንቅ» ይሏቸዋል። ትምህርት ቤት የሚነገረው ዕድሜያቸው 2,000 ዓመት ነው፤ በቅርብ ዓመታት የቆፈሩ አርኪዮሎጂስቶች ግን ብዙዎቹ ከ400 ዓመት ብዙም እንደማይበልጡ ይናገራሉ። ዩኔስኮ በ1995 ሲመዘግብ ደግሞ አምስት የእርከን ስብስቦችን ነው የመረጠው፤ 20 ፔሶው ላይ ያለው ዝነኛው የባናዌ እይታ ከነሱ ውስጥ የለም። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲሄድ ግንቦቹ እየፈረሱ በ2001 አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገቡ፤ የወጡት በ2012 ነው።

ይህ ኩራት ሲነካ ደግሞ አያድርስ ነው። በ2013 የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ቱባታሃ ላይ ወጥቶ 2,345 ካሬ ሜትር ኮራል ሲያበላሽ የተነሳው ቁጣ ቀላል አልነበረም፤ መርከቡ እዚያው ተቆራርጦ ወጣ፣ አሜሪካም 87 ሚሊዮን ፔሶ ካሳ ከፈለች። በ2023 የቱሪዝም ሚኒስቴሩ አዲስ መፈክር ይዞ ሲመጣ ማስታወቂያውን የሠራው ድርጅት ቪዲዮው ውስጥ የኢንዶኔዥያን የሩዝ እርከን አስገብቶ ተገኘ። የሩዝ እርከን! ያውም በፊሊፒንስ ስም! ውሉ ወዲያው ተቋረጠ። በ2024 ደግሞ በቦሆል ደሴት፣ በበጋ ሣራቸው ሲደርቅ ቡናማ በሚሆኑት ከ1,200 በላይ የቸኮሌት ኮረብታዎች መሃል የመዋኛ ገንዳ ያለው ሪዞርት መሠራቱን አንድ ቪዲዮ አሳየ፤ ሀገሩ ጮኸ፣ ሴኔቱም ምርመራ ጀመረ። ሕግ አስከባሪው ያላየውን ስልክ የያዘው ሕዝብ አየው።

ቤይሩት ወይም ዱባይ የሠሩ እህቶቻችን ይህን ሰምተውት ይሆናል። አብረዋቸው የሚሠሩት ፊሊፒኖዎች ቤተሰብ ከናፈቁ በኋላ የሚናፍቁት ባሕሩን ነው።

ከሁሉም የከረረው ክርክር ግን የመጣው በ2022 ነው። አዲሱ የፕላስቲክ 1,000 ፔሶ ሲወጣ ፊቱ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች የገደሏቸው፣ ተነሱና ቦታቸውን የፊሊፒንስ ንስር ወሰደው። ንስሩ ብሔራዊ ወፍ ነው፣ ለመጥፋት የተቃረበም ነው፤ ብዙዎች ደስ አላቸው፣ የጀግኖቹ ቤተሰቦችና የታሪክ ሰዎች ግን ተቆጡ። ክርክሩ ሳይበርድ ሌላ ጣጣ መጣ፦ የታጠፈ 1,000 አንቀበልም የሚሉ ሱቆች ተሰሙ። ማዕከላዊ ባንኩ ወጥቶ የታጠፈ ንስርም ያው 1,000 ፔሶ ነው ብሎ ማስረዳት ነበረበት።